ካራንግ ረኒንግ የሚባለው ቦታ

ሲምፐን አንገቷን ደፍታ አታውቅም። ልድፋ ብትልም አይሆንላትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠላቂዎችን የአየር ሲሊንደር በራሷ ተሸክማ የባቱ ሰለም መንደርን ጥቁር የድንጋይ ዳርቻ ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት። ከአናቷ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ አንድ ብረት፣ እንግዳ ሲበዛ ሁለት ብረት፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ እንደ ዱባ የሚንከባለል ድንጋይ። አንገት ትንሽ ዘንበል ካለ ብረቱ ይወርዳል፤ ብረቱ ከወረደ የሰው እግር ይሰብራል። ስለዚህ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ፈረንጆቹ የሚዋኙበትን የላስቲክ እግር ታቅፈው፣ አንዱ የአንዱን እጅ ይዞ እየተደናቀፉ ሲከተሏት፣ "እንዴት ያለች ኩሩ ሴት ናት!" ይላሉ አሉ።

ኩራት መስሏቸው ነው። ከውስጧ አንገቷን ከደፋች እኮ ስንት ዘመኗ!

አንድ ነገር ብቻ ሰው ሁሉ ይገርመው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ብረት ስታመላልስ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ባሕር ገብታ አታውቅም። የጠዋቱን የአበባ መባ ዳር ላይ ታስቀምጣለች፣ ሲሊንደሩን ውሃው ጫፍ ታወርዳለች፣ ትመለሳለች። አብረዋት የሚሸከሙት ሴቶች ይህን ይዘው አይለቋትም።

"ሲምፐን ባሕሩን የምታውቀው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው!" ትላለች አንዷ።

"ዓሣም የምታውቀው ተጠብሶ ሲመጣላት ነው፤ በሕይወቱ ካየችውማ ዛፍ ላይ ነው የምትወጣው።"

"ተዉኝ እናንተ፣ ውሃ ያስፈራኛል" ትላለች ሲምፐን፤ አብራቸውም ትስቃለች። ፈሪ መባል ይሻላታል። የምትሸሸው ውሃውን አልነበረም፤ ውሃው ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ነበር።

ያ ቦታ ስም አለው። ጠላቂዎቹ ልብስ የሚቀይሩበት ትልቅ የሁመር ዛፍ ሥር፣ ባሕሩ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ካርታ የተሳለበት ሰፊ ሳንቃ ቆሟል። ገደሉ እዚህ፣ ዔሊዎቹ እዚያ፣ እንደ ተክል የሚያድገው የባሕር ድንጋይ፣ ኮራሉ፣ እንደ ደን የበዛበት በዚያ በኩል። ከሁሉ ቀድሞ፣ ከዳር እንደገቡ ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ ላይ፣ "ካራንግ ረኒንግ" የሚል ተጽፏል። ሲምፐን የተማረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ አሳማ ጠብቂ ብለው አስወጧት። ያንን ጽሑፍ ግን ታነበዋለች። የነደፋትን እባብ የማይለይ ማን አለ?

ረኒንግ ደግሞ ሩቅ አይደለችም። እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሙዝ እየጠበሰች፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ትሸጣለች። ድሮ እሷም ተሸካሚ ነበረች፤ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ተወችው። ከሲምፐን ጋር ጎረቤት ናቸው፤ ግቢና ግቢያቸውን የሚለየው አንድ በኖራ የተለሰነ ነጭ አጥር ብቻ ነው። እንግዶቹ ሳንቃውን ያያሉ፣ ሰዎች እሷን ያመለክቷቸዋል፣ ፎቶ ያነሷታል። ቅጠል በማኘክ የቀላ ጥርሷን ገልጣ ትስቅላቸዋለች። ያ ሳቅ ሲምፐንን እንደ እሾህ ይወጋታል።

ነገሩ የተነሳው የሲምፐን የልጅ ልጅ አስቲቲ የጠላቂዎች መሪ በሆነች በዓመቱ ነው። ከተሸካሚ ሴቶች ዘር ብረቱን ከራስ አውርዳ በጀርባዋ ያዘለች የመጀመሪያዋ ልጅ እሷ ናት። ሀያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ይሰማል፣ እጅ ጽሑፏም ያምራል። የሳንቃው ቀለም ፀሐይ ልጦት ስለነበር አድሺው ብለው ለእሷ ሰጧት።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከዋና ከተማው የመጡ ስድስት እንግዶች ወደ ታች የሚያሰምጣቸውን የእርሳስ ቀበቶ እየታጠቁ ሳለ፣ አስቲቲ ሳንቃው ፊት ቆማ ታስረዳለች። ሲምፐን ብረት አውርዳ ላቧን ትጠርጋለች።

"እንደገባን መጀመሪያ የምታዩት ምድረ በዳ ነው" አለች አስቲቲ። "እንዳትደነግጡ። ድሮ ኮራሉን አትንኩ ተብሎ ከተከለከለ በኋላ፣ አንዲት የመንደራችን ሴት ለኖራ ብላ በድጅኖ ሰባበረችው። ይኸው እስከ ዛሬ አላገገመም። ስግብግብነት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቦታውን በስሟ ነው የምንጠራው።"

ረኒንግ አራት እርምጃ ርቃ ሙዝ ታገላብጣለች። እንግዶቹ ዞረው ሲያዩዋት ማንኪያዋን ከፍ አደረገች። "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ! ስግብግቧ ሴትዮ! ሙዝ ትበላላችሁ?"

ሁሉም ሳቁ። ሲምፐን ጎንበስ ብላ ጨርቋን ደግማ ጠቀለለች፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ነበር።

እንግዶቹ ወጥተው ከሄዱ በኋላ አስቲቲ መጣችባት። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር።

"ዳዶንግ" አለች። አያታቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። "ዛሬ አልለቅሽም። ሠላሳ ዓመት የተሸከምሽለትን ነገር አንዴ ሳታዪው ልትሞቺ ነው?"

"ላልሞት ነው እንዴ ካየሁት?"

"እሱን እንጃ። ነይ፣ ውሃው ደረትሽን አያልፍም፤ እጅሽን እይዛለሁ።"

"ተይኝ እናቴ፣ ያስፈራኛል።"

"ውሸትሽን ነው። ተራራችን እሳት ሲተፋ ያልፈራሽ ሴት!" አለችና የውሃ መነጽሩን ፊቷ ላይ አጠለቀችላት። ሴቶቹ ከዛፉ ሥር ያጨበጭባሉ። "እሰይ! ሲምፐን ልታገባ ነው!" እያሉ። እምቢ ብትል ለምን ይሏታል፤ ስለዚህ ገባች። ሽርጧ ውሃ ላይ እንደ ጃንጥላ ተነፋ። ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ነከረች።

በመጀመሪያ ያየችው ከጎን በኩል የተረፈውን ውበት ነው፤ እሱ ነው የባሰው። እንደ ጎመን የተጠቀለለ፣ እንደ ሚዳቋ ቀንድ የተንዠረገገ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፤ በመካከሉ ጥፍር የሚያክሉ ሰማያዊ ዓሦች እንደ ተበተነ ጥራጥሬ። ከዚያ አስቲቲ እጇን ሳብ አደረገቻትና ያ ሁሉ ባንዴ ቆመ። ጣሪያው የተቃጠለ ቤት ወለል ይመስላል፤ ግራጫ፣ ባዶ። ጉድጓዶቹን አየች። ጠርዛቸውን ውሃው አለስልሶታል፣ ርቀታቸው ግን ያው ነው። አንድ ምት፣ ግማሽ እርምጃ፣ አንድ ምት። የገዛ ክንዷን ልክ አወቀችው። ከአጠገቧ ሌሎች ሁለት ጠላቂዎች የአየር አረፋቸውን እየለቀቁ አለፉ፤ አንደኛው ለጓደኛው ጉድጓዱን በጣቱ አሳየው።

ሲምፐን ጮኸች መሰለኝ፤ ጨው ውሃ ዋጠች። አስቲቲ አቅፋ አወጣቻት።

"አየሽው? ምን ዓይነት ሰው ነው ግን እንዲህ የሚያደርገው?"

ሲምፐን እየሳለች ነበር። ሳሏን እንደ መልስ ቆጠሩላት።

ምን ዓይነት ሰው ነው? እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ያኔ ሲምፐን ልጆች ያሏት ጎልማሳ ሴት ነበረች፤ ባሏ ለግንባታ ሥራ ከተማ ወርዷል። አንድ ቀን ከመንግሥት የተላከ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው መጣ ተባለና የእንጨት ደወሉ ተመታ፤ መንደሩ ተሰበሰበ። ሰውየው በትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር የተናገረው። "ካራንጋችሁ ሀብታችሁ ነው" አለ። "ካራንጋችሁን ጠብቁ። ያማረ ካራንግ ያለው መንደር ሰው ከባሕር ማዶ ሊያየው ይመጣል። ካራንግ ያበላሸ ግን በሸንጎ ይቀጣል።"

በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ካራንግ ማለት ባሕር ውስጥ የሚያድገው ድንጋይ፣ ኮራል ነው። በመንደሩ ቋንቋ ግን ካራንግ ማለት ግቢ ነው። ቤቱ፣ ማድቤቱ፣ የአባቶች መቅደሱ፣ የልጅ እትብት የሚቀበርበት አፈር። ሲምፐን የሰማችው ግቢ ነው። መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች። ሰው ከባሕር ማዶ ግቢዬን ሊያይ ይመጣል! የኔን ፍርስራሽ አጥር! ያላመረ ግቢም ይቀጣል! ቤቷ ስትገባ አጥሯን አይታ አፈረች። ለመለሰን ኖራ ያስፈልጋል፤ ኖራ የሚወጣው ደግሞ ከተቃጠለ ኮራል ነው። ማዕበል ዳር የሚተፋውን የሞተ ኮራል መንደሩ ለቅሞ ጨርሶታል። ስለዚህ በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ የባሏን ድጅኖ ይዛ ገባች። ካራንጓን ልታስውብ ካራንጉን ሰበረችው።

ማቃጠያው የነበረው በረኒንግ ግቢ ነው። የረኒንግ ባል ከዛጎል ለሚታኘከው ቅጠል የሚሆን ኖራ ያቃጥል ነበር፤ ጎረቤትም እንዳሻው ይጠቀምበታል። ረኒንግ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቶ ተኝታለች፤ ባሏም ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል። ሲምፐን ሰው ሳታስፈቅድ አንዱን ቅርጫት ኮራል አቃጠለች፣ አጥሯን ለሰነች። ሁለተኛውን ቅርጫት ማቃጠያው ውስጥ ጨምራ ሄደች። የኮራሉ ጠባቂዎች መጥተው የሲምፐንን ነጭ አጥር የዛጎል ኖራ ነው ብለው አለፉት፤ ያገኙት ይህን ቅርጫት ነው፤ ገና ያልፈረሰ፣ ቅርንጫፉ የሚታይ፣ በረኒንግ ግቢ።

ሸንጎው የተቀመጠ ለት ረኒንግ ወለደች። ወንዶቹ ከውስጥ፣ ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ይሰማሉ። ሲምፐን አጠገቧ የቆመችውን ሴት፣ "ምን አድርገዋል ነው የሚሉት?" ብላ ጠየቀቻት።

"ካራንግ ሰብረዋል።"

"ግቢያቸውን?"

"ምን ነካሽ፣ የባሕሩን ነዋ! ሰውየው ሲናገር አልነበርሽም? ቋንቋ አይገባሽም እንዴ?" ብላ ሴትየዋ ሳቀች።

ያቺ ትንሽ ሳቅ ናት አፏን የዘጋችው። ተነስታ "እኔ ነኝ" ብትል፣ "ለምን?" ይሏታል፤ "ቃሉ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው" ልትል ነው፤ መንደሩ በሙሉ ሊስቅ ነው፤ ግቢ ሰበረች እየተባለች ልትኖር ነው። ዛሬ ይለፍ፣ ነገ ለብቻ ለሽማግሌው እነግረዋለሁ አለች። የረኒንግ ባል አላውቅም ቢል ማን ይመነው? የዝምታ ቅጣት ፈረዱባቸው። አርባ ሁለት ቀን ከዚያ ቤት ሰው ጋር የተነጋገረ የለም፣ እሳት የሚያበድር የለም፣ ቤታቸው የሚረግጥ የለም። ነገ መጣ፤ ከነገ ወዲያም መጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረው ግን ሰውን እስከ የት እንደሚከተለው የሚነግር የለም።

አራስ አርባ ሁለት ቀን ሳይሞላት ከግቢ አትወጣም። ረኒንግ ግን ባሏ ባሕር ላይ ሲሆን ውሃ የሚቀዳላት ስለጠፋ በአሥረኛው ቀን እንስራዋን ይዛ ወጣች። ከምንጩ መንገድ ላይ ከሲምፐን ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሌላ ሰው አልነበረም።

"ምቦክ ሲምፐን" አለች ረኒንግ፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው። "ወዴት ነው?"

ሰላምታቸው ያው ነው፤ ወዴት ነው? ይባላል፣ ወደ ባሕር ነው፣ ወደ ተራራው ነው ይባላል፣ ያልፋል። ምንም አይደለም። ሲምፐን ፊቷን አዞረች።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ረኒንግ ለልጇ ወግ የሩዝ ቂጣ ጋግራ፣ ምናልባት የሚመጣ ሰው ቢኖር ብላ ምንጣፍ አነጠፈች። ሽታው በነጩ አጥር ላይ አልፎ መጣ። የሚመጣ ግን አልነበረም። በማግስቱ ቅጣቱ አለቀ፣ ሰዉም ምንም እንዳልሆነ ሰላም አላት፤ ሲምፐንም አብራ "እንዴት አደርሽ?" አለቻት። ባሏ ግን ባሕር ላይ ስለሚውል መንደሩ የሚያየው እሷን ነበርና ባዶውን ቦታ በረኒንግ ስም መጥራት ለመዱ፤ ካራንግ ረኒንግ። የረኒንግ ኮራል፣ የረኒንግ ግቢ። እንደ ቀልድ ነበር።

ይኸው ነው። እንግዲህ አስቲቲ መነጽሩን ባጠለቀችላት በማግስቱ ሳንቃውን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድማ፣ አሮጌውን ቀለም ፍቃ ጨርሳ፣ ብሩሿን ነከረች። "ዳዶንግ፣ የረኒንግን ቀይ ላድርገው? ከሩቅ እንዲታይ።"

ሲምፐን ቀዩን አየችው። ይህ ከደረቀ ሌላ ሠላሳ ዓመት ነው፤ እሷም ረኒንግም አያልፉትም።

"አትጻፊው" አለች።

"ለምን?"

ነገረቻት። አጥሩን፣ ቅርጫቱን፣ ቃሉን። ብሩሹ ከአስቲቲ እጅ ላይ እየተንጠባጠበ እግሯን አቀላው፤ አላየችውም።

"ትናንት እዚህ ቆሜ ስግብግብ ስላት ሰማሽኝ?"

"ሰማሁሽ።"

"ዓመት ሙሉ ስለው ሰምተሽኛል! ከእኔ አፍ! ሙዟን እየበላሁ!" ድምጿ ተሰበረ። "ለእኔ ምን ይሠራልኛል ታዲያ? እዚያ ተቀምጣለች፤ ሂጂና ለእሷ ንገሪያት።"

አራት እርምጃ ነው። በራሷ ላይ ምንም ሳትይዝ እንደዚያ ያለ ከባድ መንገድ ሄዳ አታውቅም። ሴቶቹ ቁርስ እየበሉ ነበር፤ ይሂዱልኝ ብላ አልጠበቀችም፤ ከጠበቀች ሌላ ነገ እንደሚመጣ ታውቀዋለች። በቆመችበት ተናገረችው። ኮራሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ አለች። ካራንግ ሲል ግቢ መስሎኝ ነው አለች።

መጀመሪያ ረኒንግ ሳቀች።

"ግቢ?"

"ግቢ።"

"ፈረንጅ አጥርሽን ሊያይ መርከብ ተሳፍሮ ሊመጣ?"

ሴቶቹ ሩዛቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። ሠላሳ ዓመት የፈራችው ሳቅ ይኸው መጣ፤ ከአንድ ሳል አይረዝምም ነበር። ለዚህች ነበር እንግዲህ።

ከዚያ ረኒንግ መሳቋን አቆመች። ሙዙ ዘይቱ ውስጥ ይጠቁራል።

"እሱስ እሺ፣ አላወቅሽም" አለች። "ምንጩ መንገድ ላይስ?"

ሲምፐን ረስታው ይሆናል ብላ ተስፋ ያደረገችው እሱን ነበር። "ያንን አውቄ ነው" አለች። "ኮራሉን ሳላውቅ፣ ፊቴን ግን አውቄ ነው ያዞርኩት።"

"ወዴት ነው አልኩሽ እኮ። ሌላ ምን አልኩሽ?"

"ሌላ ምንም።"

አስቲቲ ከኋላ መጥታ ቆማ ነበር። "እማማ ረኒንግ፣ ስምሽን ከሳንቃው አወጣዋለሁ። የአያቴን ነው የምጽፈው።"

"ምን ስትይ!" ረኒንግ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አያትሽ ስሜን ወስዳ ጭቃ ላይ ጣለችው፤ እኔ አንስቼ፣ አጥቤ፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት ለበስኩት። አሁን ደግሞ ራቁቴን ልታስቀሪኝ ነው? ስሜን ወዳለበት መልሺ። በቀይ።" ከዚያ ወደ ሙዟ ዞረች። ሲምፐን "ረኒንግ" አለቻት። አልመለሰችም። ሦስቴ ጠራቻት። እዚያ የተቀመጠ ሰው እንደሌለ ሆነ።

የዝምታው ቅጣት በተራዋ እንደተፈረደባት ሲምፐን ወዲያው ገባት። በማግስቱ ጠዋት ብረቷን ተሸክማ በሁመሩ ዛፍ ሥር ስታልፍ፣ ቀጥ እንዳለች፣ "ወደ ባሕር ነው፣ ረኒንግ" አለች። ያኔ ሳትመልሰው የቀረችው መልስ ነው። ረኒንግ ቅጠሏን አኘከች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ሴቶቹ መቀለድ ተዉ። አስቲቲም ሳንቃው ፊት ለእንግዶቿ፣ "የሰበረችው አያቴ ናት፤ የተሸከመችው ረኒንግ ናት" ማለት ጀመረች፤ እንግዶቹም ዞረው ያዩዋታል፣ ብረት እንደተሸከመች። አንገት መድፋት ያማራት ያኔ ነበር። ብረቱ ግን አያስደፋም፤ ፊቷን ለሁሉም እንዳሳየች ቆመች።

አርባ ሁለት ቀን፣ "ወደ ባሕር ነው፣ ረኒንግ" አለች። ዝናብ የጣለ ዕለትም፣ እግሯ ያበጠ ዕለትም። መልስ አልነበረም፤ በግራዋ የዘይቱ ድምፅ ብቻ።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ሁለት ሲሊንደር ነበረባት። በዛፉ ሥር ስትደርስ አፏን ልትከፍት ስትል፣ የተቀደመች መሰላት። ማመን አቃታት፤ ዞራ ማየት ደግሞ አትችልም።

"ምቦክ ሲምፐን" አለ ድምፁ ደግሞ፣ ትንሽ እንደ መቆጣት ብሎ። "ወዴት ነው?"

ሲምፐን ቆመች። ከኋላዋ እንግዶቹም ቆሙ። የምትመልሰውን አርባ ሁለት ቀን ስትለማመደው ከርማለች፤ አሁን ግን እንባዋ ቀደማት። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም ብረቱን ይዘዋል።

"ወደ ባሕር" አለች በመጨረሻ።

"እንግዲያ ሂጂ፣ መንገድ አትዝጊ" አለች ረኒንግ። "ሰዎቹ ቆመው ቀሩ እኮ።"